ከክርስትናው በፊት

ቂመኛ ነኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች ትለኝ ነበር፣ ጎረቤትም ያውቀዋል፣ አሁን አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶችም ዘግይተው ደርሰውበታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔማ የተወጋሁበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰውዬው የዚያን ዕለት ያሰረውን ከረባት ጭምር አልረሳሁም። ቡናማ ነበር፤ ጫፉ ላይ የሾርባ ጠብታ ነበረችበት። በዚያ ሁሉ ንዴት ውስጥ ጠብታዋን አይቼ ደስ ብሎኛል።

ሰውዬው ዶክተር ነበር፣ አስተማሪዬም ነበር። ነገሩ የሆነው ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ ነው። እኔ ያን ጊዜ ገና የተመረቅሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ተወልጄ ባደግሁበት በኮልፌ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ እሠራለሁ። አባቴ ጦር ኃይሎች አካባቢ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ስለነበረው፣ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እኔን «የባለ ሚስማሩ ልጅ» እያለ ያውቀኛል። ዶክተሩ የመጣው ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ ነው። በልጅነቱ ወደ ውጭ ተልኮ እዚያው አድጎ፣ እዚያው ተምሮ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎት የተመለሰ ሰው ነው። እናቶች ከወለዱ በኋላ ለምን እንደሚሞቱ ሊያጠና ፈለገ። ለዚህም ከጤና ጣቢያችን ሁለት ነርሶች መረጠ፤ አንዷ እኔ ነኝ፣ ሌላዋ በዓመት የምትቀድመኝ ልጅ ናት። «ተመራማሪ አደርጋችኋለሁ» አለን። ቃሉን እቤት ወስጄ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ «ደመወዝ ይጨምራል ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

በዚያን ጊዜ የሴቶችን ጤና ማጥናት ለብዙ ሰው ቀልድ ነበር። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ራሱ፣ «ሴት ትወልዳለች፤ ወይ ትተርፋለች ወይ አትተርፍም፤ ምኑ ይጠናል?» ብሎናል። ዶክተሩ ግን ይጠናል አለ። ለዚህ ዛሬም አመሰግነዋለሁ፤ ማመስገኔም ያናድደኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካርድ ክፍሉ ሲዘጋ እዚያ ያስተምረን ነበር። ማስተማር ያውቅበታል፤ ይህንን ካልተናገርኩ ውሸታም እሆናለሁ። ሰው ቤት ስንሄድ ቆመን እንዳንጠይቅ፣ ከባለቤቷ ዝቅ ያለ መቀመጫ እንድንይዝ፣ «ትኩሳት ነበራት አይደል?» ብለን መልሱን ራሳችን እንዳንመልስላት አስተማረን። አንድ ቅዳሜ ጋቢ ተከናንቦ አኩራፊ አማት ሆነና እኛን ጠያቂ አደረገን። በጥያቄዬ መሀል «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ሲያፋጥጠኝ መልስ አጣሁ። በሳቅ ፈረስን። ከዚያ በኋላ ብዙ አማቶች ይህንኑ ጠይቀውኛል፤ በእሱ ምክንያት ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው።

አንድ ነገር ግን አይወድም፤ ሰዎች የተናገሩትን እንዳለ መጻፍ። «ተረት አትጻፉልኝ፤ ቁጥር ጻፉልኝ» ይለናል። እኔን ደግሞ በተለይ «ተረት ነጋሪዋ» ብሎ ይጠራኝ ነበር፤ ምክንያቱም ከእሱ መጠይቅ ሌላ የራሴ ደብተር ነበረኝ፤ እዚያ ላይ የሴቶቹን ቃል እጽፋለሁ።

ቃል የገባልን ይህን ነበር፤ ጥናቱ ሲያልቅ በሚታተመው ጽሑፍ ላይ ከእሱ ስም ቀጥሎ የእኛም ስም ይጻፋል፣ የተሻለ የሠራችው ደግሞ ለአንድ ዓመት ትምህርት ውጭ አገር ትላካለች። ሌላዋ ልጅ እጮኛ ስለነበራት ግድም አልሰጣት። እኔ ግን ስሜ ሲታተም በዓይነ ሕሊናዬ ማየት ጀመርኩ። ከስሜ ጋር የአባቴም ስም አብሮ ይታተማል። ባለ ሚስማሩ ማንበብ አይችልም፤ ስሙን ግን ለይቶ ያውቀዋል።

ስለዚህ ሠራሁ። ስምንት ወር ያህል ከጤና ጣቢያው ስወጣ ጫማዬን በፕላስቲክ ቡት እየቀየርኩ የኮልፌን ጭቃ ለካሁት። በር የሚያስከፍቱልኝ አንዲት የሰፈር አዋላጅ ነበሩ። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ቅቤ እየነገዱ የኖሩ ባልቴት ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ልጅ ተቀብለዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» ይላቸዋል። ያለ እሳቸው ብሄድ አንድም ቤት ስለሟች ሚስት ወይም ስለሟች ልጅ አያወራኝም ነበር። እሳቸው ቀድመው ይገቡና «የእኔ ልጅ ናት፤ የምትጠይቀውን መልሱላት፤ ለሌላው እንዲበጅ ነው» ይላሉ። ከዚያ አለቀ፤ በርጩማ ይቀርብልኛል።

የሚያስቸግረኝ የቀን ነገር ነው። የዶክተሩ ዋና ጥያቄ፣ «ከወለደች በስንተኛው ቀን ሞተች?» የሚል ነበር። «በአሥራ ሰባተኛው ቀን» ብሎ የሚመልስልኝ ሰው አልነበረም። የእስላም ቤቶች «አርባዋ ሳይወጣ» ይላሉ። ክርስቲያኖቹ ደግሞ በክርስትናው ነው የሚቆጥሩት። «ከክርስትናው በፊት ነው»፤ «ጠላው ለክርስትናው ተጠንስሶ ሳለ»፤ «ክርስትናው ባለፈ በሳምንቱ»። እኔም በደብተሬ እንደተናገሩት ጻፍኩ፤ በአጠገቡም የተወለደው ወንድ ይሁን ሴት አሰፈርኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ወደ ቀን እለውጠዋለሁ ብዬ ነበር። ያጠራጠረኝ ቤት እመለሳለሁ፣ እማማንም እጠይቃለሁ፤ ስሌቱን ለማንም አልሰጥም ነበር።

ክረምቱ እንደገባ ዶክተሩ «ደብተርሽን አምጪው፣ ልየው» አለኝ።

«ዶክተር፣ ገና ቀኑን አላሰላሁትም። ሁለት ሳምንት ይስጡኝ» አልኩት።

«እሱን ለእኔ ተይው» አለና ከእጄ ወሰደው። ክረምቱን ሙሉ እሱ ዘንድ ቆየ፤ ከዚያም አልመለሰልኝም። ስጠይቀው «እያየሁት ነው» ይላል። በአፌ «እርስዎ» እያልኩት በልቤ «አንተ» ማለት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ከመስቀል በኋላ መሀል ከተማ በአንድ አዳራሽ ጥናቱ ለትልልቅ ሰዎች እንደሚቀርብ ተነገረን። እኔና ጓደኛዬ ነጭ ልብስ ለብሰን እንድንመጣ ታዘዝን። እኔ የመሰለኝ ከእሱ ጋር ልንቀመጥ ነው። ሥራችን በር ላይ ቆሞ የታተመውን ወረቀት ማደል ሆነ። የመጀመሪያውን ወረቀት አንስቼ ስሜን ፈለግሁ። የለም። ገለበጥኩት፣ መልሼ ገለበጥኩት። ከኋላ፣ በመጨረሻው መስመር፣ «መረጃ በመሰብሰብ ለተባበሩ የኮልፌ ሠራተኞች ምስጋና ይድረሳቸው» ይላል። ሠራተኞች!

በዚያ ባለ ጠብታ ከረባት ወደ አዳራሹ ሊገባ ሲል በሩ ላይ ያዝኩት። «ዶክተር፣ ስማችን የታለ?» አልኩት።

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ስምሽ ቢጻፍ ማን ያውቅሻል?» አለኝ፤ ደግሞ እኮ በቁጣ አይደለም፣ እንደሚያጫውተኝ ፈገግ ብሎ። «ይልቅ ወረቀቱ እንዳያልቅብን፣ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ስጪ።»

ለትምህርት የሚላከው ሰውም የባለቤቱ የእህት ልጅ መሆኑን እዚያው በር ላይ ከጓደኛዬ ሰማሁ። ፊቴ ሲነድ ይታወቀኛል። ወረቀቱን ግን እንዳለኝ አንድ አንድ እያደረግሁ አደልኩ። ከዚያ ከኋላ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩት።

ሲናገር ያምርበታል። ግራና ቀኝ እያየ፣ የእኔን ስምንት ወር እንደራሱ እግር ተራመደበት። «በቤታችን በረንዳ ሥር ያለ ሐዘን» አለ። በየትኛው በረንዳ ሥር ተቀምጦ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ ሰቀለና የጥናቱ ትልቅ ግኝት ያለውን ተናገረ። በኮልፌ ሴት ልጅ የወለዱ እናቶች፣ በአርባ ቀን ውስጥ፣ ወንድ ከወለዱት ይበልጥ ይሞታሉ። ምክንያቱንም ሰጠ፤ ለወንድ እልልታው ይበዛል፣ ለሴት ያንሳል፤ ሴት የወለደችውን ባልና አማት ይቀየሟታል፣ ደህና አድርገው አያርሷትም፣ ገንፎዋ ሳይቀር ይቀንሳል። ከፊት የተቀመጡት ወይዛዝርት ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ መሐረብ አወጣች።

እኔ ግን ግራ ገባኝ። እነዚያን ቤቶች ገብቼባቸዋለሁ። ሴት የወለደችውን የሚያንገላታ ቤት የለም አልልም፤ ሞት የሚያደርስ ልዩነት ግን አላየሁም፤ እማማም አላዩም። እንዴት መጣ ብዬ ሠንጠረዡን ዓይኔን አጥብቤ ሳየው፣ ከመቅጽበት በራልኝ። ሰውዬው በደብተሬ «ከክርስትናው በፊት» የሚለውን ሁሉ ወስዶ «በአርባ ቀን ውስጥ» ብሎ አስፍሮታል።

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የሚነሱት። ይህን የማያውቅ ሰው ኮልፌ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ከክርስትናው በፊት» ማለት ለወንድ እናት አርባ ቀን፣ ለሴት እናት ግን ሰማንያ ቀን ነው። በሰማንያ ቀን ውስጥ የሚሞት ሰው በአርባ ቀን ውስጥ ከሚሞተው ቢበዛ ምን ይደንቃል? ዶክተሩ ያለው አንድ ወንድ ልጅ ነው። ከተመለሰ በኋላ የተወለደ፣ በአርባ ቀኑ ትልቅ ድግስ ተደግሶለት ክርስትና የተነሳ። ክርስትና ማለት አርባ ቀን ነው ብሎ ከገዛ ቤቱ ተምሮ፣ ማንንም አልጠየቀም። ቢሮውን የምትጠርገውን ሴት ቢጠይቃት ትነግረው ነበር። ሰው መጠየቅ እንዴት እንደሚቻል እኛን ያስተማረን ሰው ነው ይህ!

አዳራሹ ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ የሚያዩት «አርባ ቀን» የሚለውን ጽሑፍ ነው፤ ደብተሩን አላዩትም። ንግግሩን ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አለ፤ ዓይኑ እኔ ላይ ሳይቀር አረፈ። እጄ ጭኔ ላይ ነበር። ላነሳው እችል ነበር።

አላነሳሁትም። «ይበልህ» አልኩ በልቤ። እዚህ ቢታረም ጓደኞቹ ስቀው ያልፉታል፣ ስህተቱንም ያስተካክልና በእኔው እርማት ደግሞ ይከበራል። እኔ የፈለግሁት ከፍ ብሎ እንዲወጣና ከዚያ እንዲወድቅ ነው። ጽሑፉ ውጭ አገር ሊታተም ነበር። ይታተም፤ ዓለም ይይለት፤ ከዚያ እኔ፣ ማንም የማያውቀኝ ልጅ፣ እነሳለሁ። ወርቅ ላበደርኩት ጠጠር ከፍሎኝ የለ? ወደ ኮልፌ የወሰደኝ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ስስቅ አንድ ሽማግሌ «ምን አገኘሽ ልጄ?» ብለውኛል።

ያን ሰሞን ደስተኛ ነበርኩ ብል አላጋነንኩም። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ስለሚባል ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆምኩ እንጂ፣ ሌላው ሁሉ ተስማምቶኝ ነበር። ዶክተሩ ሲያልፍ ብድግ እላለሁ። «እንዴት ዋልሽ፣ ተረት ነጋሪዋ?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዶክተር» እላለሁ። በልቤ የማዘጋጀውን ንግግር ግን በየቀኑ አሳምረው ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ከበላይ አንድ ትእዛዝ ወረደ። የጤና ጣቢያችን ቤት ለቤት የሚጎበኙ ነርሶች እኔና ጓደኛዬ ብቻ ስለሆንን፣ በዶክተሩ ጥናት መሠረት ከእንግዲህ አራስ ቤት ሄደን የምንጎበኘው ሴት ልጅ የወለዱትን ይሁን፤ ወንድ የወለዱት ካመማቸው ራሳቸው ይምጡ የሚል ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥም የበላይ ሰዎች ከዶክተሩ ጋር መጥተው አሠራሩን እንደሚያዩ ተጻፈልን።

ይህ ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አራስ ከክርስትናው በፊት ደጅ አትወጣም። «ራሷ ትምጣ» ማለት «አትታይ» ማለት ነው። ይህን ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ወረቀቱን አንብቤ ያሰብኩት ሌላ ነው፤ «ጉድጓዱ ጠለቀ» አልኩ። ስህተቱ አሁን ትእዛዝ ሆኗል፤ በእሱ ስም የወጣ ትእዛዝ። የበላዮቹ ሲመጡ፣ እዚያው እነሱ ፊት ነው የምነሳው። ሁለት ሳምንት ብቻ ቀረኝ። እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳይነቃ ፈለግሁ። ወንድ የወለደች ቤት ገብቼ፣ ታማ አግኝቼ መዝገብ ላይ ብጽፋት፣ ሰውዬው ነቅቶ ቀድሞ ያርመዋል ብዬ ፈራሁ። ትእዛዙን ከማንም ይበልጥ ጠብቄ የያዝኩት እኔ ሆንኩ።

በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት ፌርማታው ላይ እማማ አገኙኝ። የቅቤ ቅላቸውን ይዘው ወደ ገበያ እየሄዱ ነው።

«ልጄ፣ ከወንዙ ማዶ ያለችዋ አራስ አላማረችኝም» አሉኝ። «ሰውነቷ ይፋጃል። እስቲ ብቅ በይላት።»

«ምን ወለደች?» አልኩ።

«ወንድ። ምነው?»

«እንግዲህ እማማ፣ ትምጣ። አዲስ ደንብ ወጥቷል።»

«አራስ? አሥር ቀኗ እኮ ነው! በምን አንጀቷ ነው የምትመጣው?»

«ደንብ ነው» አልኩ። «ትንሽ ቀን ነው፤ ከዚያ ይቀየራል።»

እማማ ፊቴን ለአፍታ አዩት። «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አሉና ቅላቸውን አስተካክለው ሄዱ። የእኔም አውቶቡስ መጣ። መርፌውም ፔኒሲሊኑም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሴት የወለደች ዘንድ እየሄድኩ ነበር። ያቺ ደህና ነበረች፤ ምንም አላመማትም፤ ሻይ አፍልተው አጠጡኝ።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ የዕድር ጡሩምባ ሰማሁ። ውሃ ልትቀዳ የወጣችው እህቴ ስትመለስ ነገረችን። ከወንዙ ማዶ፣ የአሥራ አምስት ቀን አራስ። ባሏ አስኮ በኩል በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ነው፤ ሥራ ላይ ሆኖ ነው የተጠራው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያው፣ እግዚአብሔር ይየኝ፣ «አገኘሁት» አልኩ። ንዴቴ ሁሉ ወደ ዶክተሩ ዞረ። ገዳዩ እሱ ነው። ሳይጠይቅ የጻፈው እሱ፣ ያስወሰነው እሱ። ለቅሶው ቤት ሄጄ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ አልቃሾቹ ሲያለቅሱ እኔ በልቤ ንግግሬ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ «ትእዛዝዎ ሴት ገድሏል» የሚል። አልቅሻለሁም። ለማን እንዳለቀስኩ ግን ያን ዕለት አልጠየቅኩም።

የበላዮቹ የመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሦስት ናቸው፤ የሁሉም አለቃ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው። ተመላላሽ የሚታከምበት ክፍል አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረው ስብሰባ ሆነ። እኔ እማማን «ይምጡልኝ፤ አንድ ነገር ብቻ እንዲመሰክሩልኝ ነው» ብዬ ለምኛቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ለማሳየት ደብተሬን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኑሮታል። ሽፋኑን ሳየው ደሜ ፈላ።

ስለ አሠራሩ ሲናገር ቆይቶ «ነርሶቻችን የሚሉት ካለ» አለ። ተነሳሁ። 

«ጌቶቼ፣ ያ ደብተር የእኔ ነው» አልኩ። «እዚያ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ የእኔ እጅ ነው። ማንኛውንም ገጽ ይግለጡና ያንብቡልኝ።»

አለቃው ደብተሩን ሳቡት፣ መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ፤ «ሴት ልጅ። ከክርስትናው በፊት።»

ወደ በሩ ዞርኩ። «እማማ፣ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በስንት ቀኗ ነው?»

«በሰማንያ ነዋ!» አሉ እማማ። «ይሄም ይጠየቃል እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። አለቃው አልሳቁም። ደብተሩን አዩ፣ የታተመውን ወረቀት አዩ፣ እንደገና ደብተሩን አዩ፤ ከዚያ ዶክተሩን አዩት።  ለዚያች ለአንዲት ደቂቃ ነው ሁለት ወር ሙሉ የኖርኩት፤ መጣችልኝም፤ እንዳሰብኳትም ጣፋጭ ነበረች። ልዋሻችሁ አልፈልግም። የሰውዬው ፊት ልክ እንደ አመድ ሲሆን እስከ እግሬ ጥፍር ድረስ ሞቀኝ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ! አላቆምኩም። «በዚህ ስህተት የወጣው ትእዛዝዎ ሴት ገድሏል» አልኩት፤ «እርስዎ» እንዳልኩት እንኳ ትዝ አይለኝም፣ «አንተ» ብዬውም ይሆናል። «ከወንዙ ማዶ የነበረች አራስ፣ ወንድ ስለወለደች ብቻ ሳትጎበኝ ሞተች። ሴት የወለዱት ይበልጥ እንደማይሞቱ ይህ ደብተር እየተናገረ፣ እሷ ሳትታይ ሞተች!»

አለቃው «ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«ጥናቱ አዳራሽ የቀረበ ዕለት ነው» አልኩ፤ በኩራት። ከሁሉም ቀድሜ ማወቄን ማሳየቴ ነበር።

በሩ አጠገብ ነጠላ ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ። እማማ ተነስተው ቆመዋል። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ እንዳልገባው ሰው ነው።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ይህን ታውቂ ከነበረ፣ ያን ቀን ፌርማታው ላይ ለምን ትምጣ አልሽኝ?»

 እኔ መልስ ፈለግሁ። ደንብ ነው ልል ነበር፤ ደንቡ ስህተት መሆኑን አሁን ራሴ ተናግሬያለሁ። አላወቅሁም ልል ነበር፤ አውቅ እንደነበር ገና ምራቄ ሳይደርቅ ተናግሬያለሁ። ዶክተሩ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ማሾፍ አልነበረም፤ ቢያሾፍ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ እኮ ለእናቷ ነገርኳት» አሉ እማማ። «ሐኪሟ የእኔ ልጅ ናት፣ ትንሽ ቀን ታገሡ ብላለች አልኳት። እናቷ እኔን አመነች፤ እኔ አንቺን አመንኩ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ተከትያቸው አልወጣሁም።

ዶክተሩ ከኮልፌ ተነሳ። በአንድ ሩቅ ጠቅላይ ግዛት ሆስፒታል እንደተመደበ ሰማሁ፤ ጽሑፉም ውጭ ሳይታተም ቀረ። ይቅር ብዬው እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። አላልኩትም። ስሜን ሰርቋል፣ የሴቶቹን ቃል ሳይጠይቅ ቀይሯል፤ ዛሬ በመንገድ ባገኘው ፊቴን አዞርበታለሁ። እማማም እኔን ይቅር አላሉኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ ከእኔ ጋር ግን አንድም ቤት አልገቡም፤ ማንም ሰው ዘንድ «የእኔ ልጅ ናት» አላሉኝም። በሮቹን አንድ በአንድ ራሴ እያንኳኳሁ መልሼ ማስከፈት ነበረብኝ። ያልተከፈቱልኝ አሉ።

አለቃው ጥናቱን እኔ አስተካክዬ እንድጽፈው አዘዙ። ወደ እያንዳንዱ ቤት ተመለስኩ፣ እያንዳንዱን ሞት ወደ ቀን ለወጥኩ፣ የዚያን ዓመት ሟቾችም ጨመርኩ። ሲታተም ስሜ አንደኛ ነበር፤ ከላይ፣ ብቻውን። አባቴ ጣቱን ስሙ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ። ዛሬ ምርምር የማስተምራቸው ልጃገረዶች ይህንኑ ወረቀት ያነባሉ፤ እኔ ነኝ የማስነብባቸው። በሠንጠረዡ ላይ ሁለት ረድፍ አለ፤ ሴት የወለዱ፣ ወንድ የወለዱ፤ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ልጆቹ በቁጥሩ ላይ ጥያቄ ሲጠይቁኝ ከየት እንደመጣ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ወንድ በወለዱት ረድፍ ውስጥ ካሉት አንዷን የጨመርኳት እኔ እንደሆንኩም እነግራቸዋለሁ።